በጠዋት የተሞላ ወረቀት

ጥር 6

ለመርፌው፣

እንደምን ከረምክ? ባለቤትህስ ደህና ናት? እኔ ስለ እግሬ ካልጠየቅከኝ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ዘጠኙንም ቀን በጋውኔ ኪስ ይዤው ስዞር ነበር። ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ እያልኩ መቀመጫ ሳጣ፣ አንዱ ታካሚ የውሃ ብርጭቆውን ደፋብኝና የሁለተኛው ገጽ ቀለም ፈሰሰ። ስለዚህ ስለ ዓይንህ የጻፍከው ግማሹ ብቻ ነው የገባኝ። መርፌ ላይ ክር ማስገባት ካቃተህ ግን ሌላውን ግማሽ ሳላነበውም አውቀዋለሁ።

ወደ ጠየቅከኝ ልምጣ። አዎ፣ ለታካሚ ረዳትነት ወንድም ይቀጥራሉ። እኛ ክፍል ሁለት ወንድ ረዳቶች አሉ፤ ከባድ ታካሚ በመጣ ቁጥር ሁላችንም የእነሱን ስም እየጠራን ነው የምንሮጠው። ጎረቤቶችህ «በዚህ ዕድሜው ፖፖ ሊያመላልስ ነው» ብለው ሳቁ ላልከው፣ ይሳቁ። ነገ ከነገ ወዲያ ሲተኙ ፖፖውን ማን እንደሚያቀርብላቸው ያዩታል።

ያናደደኝ ሌላው ነው። ማመልከቻው ላይ «ልምድ የለኝም» ብዬ ልጻፍ ወይ ትለኛለህ። አባባን አራት ዓመት ሙሉ ያጠበው፣ ያጎረሰው፣ ያገላበጠው ማን ሆነና ነው? ካረፈ እንኳ ገና ዓመት ከሁለት ወሩ ነው፤ እጅህ አልረሳም። ስፌቱ ካከተመ አከተመ። ሰው የተዘጋጀ ልብስ ከሱቅ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ አንተ የስፌት መኪናህን ስትወለውል ነው የምትውለው። ሆስፒታል ግን ደንበኛ አያጣም።

ፈታኞቹ ሦስት ይሆናሉ፤ ጥያቄያቸውም በየዓመቱ ያው ነው። አንደኛ፣ ይህን ሥራ ለምን ፈለግህ? ሁለተኛ፣ ታካሚ አልታጠብም ብሎ ቢሰድብህ ምን ታደርጋለህ? ሦስተኛ፣ መነሳት የማይችል ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት ታዛውራለህ? አራተኛ፣ በምትንከባከበው ሰው ላይ የሠራኸው ስህተት ካለ ንገረን፤ ከዚያስ ምን አደረግህ? አምስተኛ፣ ሲደክምህ ምን ታደርጋለህ? የሁሉንም መልስ ጽፈህ ላክልኝና አርሜ እመልስልሃለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ዛሬውኑ ጀምር።

እህትህ


ጥር 19

ለእትዬ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እግርሽን እኔ አልጠይቅም፤ ባለቤቴ ግን በግድ ጠይቅልኝ ብላለች። ለብ ባለ ውሃና ጨው ትንከረው ትላለች። ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ለኖረች ሴት እግር መንከር ማስተማር ምን ይባላል ብያታለሁ።

ማመልከቻውን አስገባሁ። ስለ እኔ የሚመሰክር፣ በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ስም ጻፍ ስለሚል የአንቺን ጻፍኩ። የሥጋ ዘመዴ መሆንሽን ብነግራቸውም፣ ሥራውን ያሳየችህ እሷ ከሆነች ግድ የለም አሉኝ። የሚሞላ ቅጽ በፖስታ ይልኩልሻል። ሳላስፈቅድሽ በማድረጌ ይቅርታ፤ ሌላ በሙያው ያለ ሰው አላውቅም።

ልምምዱን ጀምረናል። ባለቤቴ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠችና መነጽሬን አድርጋ «ግባ አመልካች» አለችኝ። ሳቄ መጣ። «ፈታኝ ፊት አይሳቅም» ብላ ኮስተር አለች። እሷ ፊት ላብ ካጠመቀኝ እውነተኞቹ ፊት ምን ልሆን ነው?

መልሶቼ እነዚህ ናቸው። ለምን ሥራውን ፈለግህ ለሚለው፣ ሰው መርዳት ስለምወድ። ቢሰድብህ ለሚለው፣ ከአባባ ጋር እንዳደረግሁት በቀልድ አሳልፈዋለሁ፤ አባባ ሲሰድበኝ «ይህን ስድብ ለእሁድ አስቀምጥልኝ» እለው ነበርና ይስቅ ነበር። ማዛወሩን፣ ብብቱ ሥር ገብቼ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ሲደክመኝ ለሚለው፣ እኔ አልደክምም፣ ልምድ አለኝ እላለሁ። እንዴት ነው? ባለቤቴ የመጨረሻውን ስትሰማ መነጽሩን አውልቃ አየችኝ።

ታናሽ ወንድምሽ


ጥር 29

ለመርፌው፣

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ ከአንተ ትሻላለች። እግሬንም ነክሬዋለሁ። ከዚህ በፊት ያልጻፍኩልህ አንዲት ባልደረባችን ወገቧ ተይዞ ስለቀረች የሁለት ሰው ሥራ ይዤ ስለነበር ነው።

እርማትህን እነሆ። «ሰው መርዳት ስለምወድ» እንዳትል። ሁሉም የሚለው እሱን ነው፤ ፈታኞቹም ሲሰሙት ሻያቸውን ማማሰል ይጀምራሉ። እውነቱን ተናገር፤ ስፌቱ ስለቆመ፣ ይህንን ደግሞ ስለምትችለው። የስድቡ መልስ ጥሩ ነው፣ አትንካው። ብብት ሥር ገብቶ መሳብ ግን ፈጽሞ እንዳይሰማ፤ የደከመ ሰው ትከሻ በዚያ ነው የሚወልቀው። ጠጋ ብለህ እቀፈው፣ ጉልበቱን በጉልበትህ ያዝ፣ ከዚያ አብራችሁ ተነሱና አብራችሁ ዙሩ። ለምን እንደምትነካውም አስቀድመህ ንገረው። ሰው ስለታመመ ዕቃ አይሆንም።

«አልደክምም» ያልከውን ደግሞ ቅደደው። የማይደክመው ረዳት አደገኛ ነው። ሲደክመኝ ለባልደረባዬ እነግራለሁ በል። እኔ ዛሬ ጠዋት አንድ አዛውንት አልጋ አጠገብ ጫማዬን ለማሰር ጎንበስ ብዬ እዚያው መነሳት አቅቶኝ፣ ታካሚው ነው እጁን ዘርግቶ ያነሳኝ።

አራተኛውን ዘለኸዋል። ስህተት አልሠራሁም ማለት ፈልገህ ከሆነ አያምኑህም። ትንሽ ትሁን፣ የራስህ ትሁን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እነሱም ማየት የሚፈልጉት ሰውየው መናገር ይችል እንደሆነ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሰብኩ። አባባ ራሱን ማዞር ሲያቅተው፣ በየሁለት ሰዓቱ እያገላበጥክ ምልክት የምታደርግበትን የእኛን ክፍል ወረቀት ልኬልህ አልነበር? በየወሩ መጨረሻ እየሞላህ የመለስክልኝ አሥራ አራቱም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል የሚባለው። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አንዲት ሰዓት አልተዘለለባቸውም፤ እነሱን ለአዲስ ረዳቶች እያሳየሁ «ልብስ ሰፊ ወንድሜ ይህን ያህል ይሠራል፣ እናንተስ?» እላቸዋለሁ። ለፈታኞችህ ብታቀርባቸው ከእኔ ምስክርነት ይበልጣሉ። በሚቀጥለው ሳምንት እልክልሃለሁ።

እህትህ


የካቲት 8

ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን።

ወረቀቶቹን አትላኪ። ፖስታ ቤት ይጠፋሉ። ደግሞም ፈታኞቹ የቤት ወረቀት አያዩም፤ ጠይቄ ነው። እዚያው አንቺ ጋ ይቀመጡ። ለአዲሶቹም ባታሳዪያቸው ደስ ይለኛል፤ ምን ያደርግላቸዋል?

ለአራተኛው ጥያቄ መልስ አገኘሁ። አባባን ሳልቀምስለት ትኩስ ሾርባ አጉርሼው ምላሱን አቃጥዬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እየቀመስኩ እሰጠው ነበር። ይበቃል መሰለኝ።

ፈተናው የካቲት 27 ሆኗል። ባለቤቴ ሸሚዜን ተኩሳ ሰቅላዋለች፤ ገና ሃያ ቀን ይቀረዋል ብላት፣ የሚያስጨንቀኝ ሸሚዙ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር አለችኝ። አጭር ስለጻፍኩ ይቅርታ፤ ዓይኔ ነው።

ታናሽ ወንድምሽ


የካቲት 17

ለእትዬ፣

«ወረቀቶቹን የፈራኸው አባባ ቁስል ስለነበረበት ነው?» የሚል አንዲት መስመር ብቻ የጻፍሽበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሰላምታ የለው፣ ፊርማ የለው። ሦስት ቀን ለባለቤቴም ሳላሳይ ያዝኩት። በኋላ ሳሳያት «እኔ መቼ ትነግራታለህ እያልኩ ነው የከረምኩት» አለችኝ።

አዎ። አባባ የአልጋ ቁስል ነበረበት። የሞተውም በእሱ ነው።

ከወገቡ በታች ነበር፣ አጥንቱ ጎላ የሚልበት ቦታ። መጀመሪያ ቀላ። አንቺ በጻፍሽልኝ መመሪያ ላይ፣ የቀላውን ስትጫነው ካልነጣ አደጋ ነው ይላል። ተጫንኩት፣ አልነጣም። ነገ አየዋለሁ አልኩ።

ያን ነሐሴ ታስታውሺያለሽ? ከስንት ጊዜ በኋላ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ያገኘሁበት ነው፤ መቶ ስልሳ ሱሪ። ከስፌት መኪናው እስከ አባባ አልጋ ሦስት እርምጃ ነው። ይቺን ጠርዝ ልጨርስና አገላብጠዋለሁ እላለሁ። ጠርዙ ሲያልቅ ሌላ ጠርዝ አለ። ቀና ስል ግማሽ ቀን አልፏል። ባለቤቴ ሥራ ውላ ስትመጣ «ተገላበጠ ወይ?» ትለኛለች፣ እኔም ወደ ወረቀቱ አሳያታለሁ።

ወረቀቱን እንዴት እንደሞላሁት ልንገርሽ። አንድ ቀን ያላደረግሁትን መጻፍ ከብዶኝ ባዶውን ትቼው ነበር። አባባ አየና «ምልክቱን አድርግላት፤ እዚያ ሆና በእኔ አታስብ» አለኝ። በእሱ ማሳበቤ አይደለም። እሱ ያለው ለአንድ ቀን ነው፣ እኔ ሦስት ወር ሠራሁበት። ጠዋት ቁርሱን ካበላሁት በኋላ የቀኑን ሙሉ ምልክት አድርጌ ግድግዳው ላይ እመልሰዋለሁ። ከዚያ ልቤ ቀለል ይልና መኪናው ላይ እቀመጣለሁ። ወረቀቱ ከሞላ አባባም የተገላበጠ ይመስለኝ ጀመር።

ሲያመው አይናገርም ነበር። አንዳንዴ አልጋውን ያዝ ያደርግና «ጨርስ፣ ጨርስ፤ ልጆቹ ራቁታቸውን ሊማሩ ነው» ይለኛል። ጥቅምት ላይ ሽታው መጣ። ሐኪም ያመጣሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወደ ደሙ ገብቷል አለኝ። ለአንቺ ሳንባው ነው ብዬ ጻፍኩ። ሲገነዝ ገላውን ያጠቡት ሁለት ሽማግሌዎች ቁስሉን አይተዋል። እንዳይነግሩሽ እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ከተቀበረ በሦስተኛው ቀን አንቺ ስትደርሺ አንገቴን አቅፈሽ «ደከመህ ወንድሜ» አልሽኝ። ያን ጊዜ ልነግርሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

ሥራውን የፈለግሁት አባባን ለመካስ አይደለም፤ የሞተ ሰው አይካስም። ከስፌት ሌላ የማውቀው ይህን ብቻ ስለሆነ ነው። ስህተቱንም ጨምሮ አውቀዋለሁ።

ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ለመጻፍ አፈርኩ።

ወንድምሽ


የካቲት 23

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስተኛ አላነበውም።

የመሥሪያ ቤቱ ቅጽም በዚያው ቀን ደርሶኛል። አልሞላሁትም። እንደምሞላውም አላውቅም።

እዚህ በየሳምንቱ የታካሚ ልጅ ኮሪደር ላይ ይዞኝ ያለቅሳል። «የአንተ ጥፋት አይደለም» እለዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ያልኩት ቃል ነው፣ አፌ ለምዶታል። ለአንተም ልጽፈው እስክሪብቶ አነሳሁ። እጄ እምቢ አለኝ።

ፈተናህን ሂድና ተፈተን። እኔ እስክጽፍልህ ግን አትጻፍልኝ።


የካቲት 28

ለእትዬ፣

አትጻፍልኝ ብለሽኛል። ይቺን ብቻ ልጻፍና ዝም እላለሁ።

ትናንት ተፈተንኩ። ከእኔ በፊት አምስት ሴቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ነበር፤ አንዷ የልጅ ልጇን ፎቶ እያሳየችኝ ጭንቀቴን አስረሳችኝ። ውስጥ ዋናዋ ነርስ፣ አንድ ሐኪምና የአስተዳደር ሰውዬ ነበሩ። እንዳልሽው ያንኑ ጠየቁኝ። ስፌቱ ስለቆመ ነው ስላቸው ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ስድቡን ስነግራቸው ሳቁ። ደህና እየሄደልኝ ነበር።

አራተኛው ሲመጣ ሾርባው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሾር» ካልኩ በኋላ ነው ያቆምኩት። ከዚያ ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ወረቀቱንም፣ ጠዋት ጠዋት የማደርገውንም። የአስተዳደሩ ሰውዬ መጻፉን ትቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዋናዋ ነርስ «እህትህ ይህን ታውቃለች?» አለችኝ። ከዚህ ወር ወዲህ ታውቃለች አልኳት። «ምን አለችህ?» አትጻፍልኝ አለችኝ አልኳት። ነርሷ ግን ይህንን ወረቀቷ ላይ ጻፈችው።

በኋላ ሌላ ክፍል ወስደው አልጋ ላይ የተኛ የመለማመጃ አሻንጉሊት አዙር አሉኝ። እንደ ሰው የከበደ ነው። ምን እንደማደርግ እየነገርኩት አዞርኩት። ጀርባውን ገልጬ አየሁ፣ ተረከዙንም አየሁ፤ ማንም እይ አላለኝም።

ውሳኔ አልሰጡኝም። የምስክርሽ ቅጽ ስላልተመለሰ እስከ መጋቢት አጋማሽ እንጠብቃለን፣ ያለሱ አንወስንም አሉኝ። ይህን የነገርኩሽ ልወተውትሽ አይደለም። ባትሞዪውም፣ እምቢ ብለሽ ብትሞዪውም አልቀየምሽም። እምቢ ካልሽ ግን ከእነሱ ከምሰማው ከአንቺ ብሰማው ይሻለኛል።

ወንድምሽ


መጋቢት 9

ለመርፌው፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህንም ሰላም በልልኝ።

ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥቼ አልጋዬ ላይ ዘረጋኋቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንዱ የስፌት መኪና ዘይት ነክቷቸዋል፣ እስክሪብቶው ተለዋውጧል፣ አንዳንድ ቦታ «ረሳሁ» ብለህ ጽፈሃል። አባባን የነካህባቸው እነዚያ ናቸው። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ንጹሕ ናቸው፤ ምልክቶቹ ዘንበል ያሉበት እንኳ አንድ ነው።

እዚህ ክፍል ውስጥ በጠዋት የተሞላ ወረቀት ከበር ላይ ሆኜ እለያለሁ። አዲሶቹን «ምንም ያልተዘለለበት ወረቀት ካያችሁ ሄዳችሁ ታካሚውን ገልጣችሁ እዩ» ብዬ የማስተምራቸው እኔ ነኝ። የአንተን ግን ይዤ በኩራት አሳየሁ። ዓይኔ ስቶት አይደለም። አይቼዋለሁ ብል ኖሮ ተነስቼ መምጣት ይኖርብኝ ነበር።

ያን መስከረም ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። አልከለከሉኝም፣ ሰጥተውኛል። አሥራ አራቱን ቀን እዚሁ ክፍሌ በሬን ዘግቼ ተኝቼ አሳለፍኩት። ዓመቱን ሙሉ የሰው አባት ሳገላብጥ ከርሜ፣ ዕረፍቴን ደግሞ ሌላ አልጋ ሥር ማሳለፍ አቃተኝ። አባባ ነው፣ ግን አቃተኝ። ይህን የምነግርህ የአንተን ለማቅለል አይደለም፤ አይቀልልህም። እኔ ጠያቂ አንተ ተጠያቂ ሆነን መኖሩ ስለከበደኝ ነው። ብመጣ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ቁስሉን አይ ነበር።

ተናድጄብሃለሁ። በየጠዋቱ ጋውኔን ስለብስ እናደዳለሁ፤ ታካሚ ሳገላብጥ አባባ እዚያ ተኝቶ «ጨርስ፣ ጨርስ» ሲልህ ይሰማኛል። እንባዬ የሚመጣው እዚያ ላይ ነው። ቁስሉን ስንት አይቻለሁ፤ አባባ አንተን ላለማስቸገር ብሎ ሕመሙን መቻሉን ነው ያልቻልኩት።

ቅጹ አንድ ገጽ ነው። የመጨረሻው ጥያቄ «የራስዎን የቅርብ ዘመድ በዚህ ሰው እጅ ይተዋሉ?» ይላል። ሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፣ አዎና አይደለም። ከሁለት ሳምንት በላይ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው ነበር። ትናንት «አዎ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁና ከሥሩ ይህን ጻፍኩ፤

«አባቴን በእጁ ትቼ ነበር። በድካምና በቸልታ ጎድቶታል፣ ለእኔም ደብቆኛል። በጠየቅሁት ጊዜ ግን አልዋሸኝም፤ ያልጠየቅሁትንም ጨምሮ ነገረኝ። በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ሥራውን ሳይሠራ ምልክት ያደረገ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አንዳንዴ እኔም አድርጌዋለሁ። በአፉ ሲናገረው የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው ወንድሜ ነው። ይቀጠር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ወረቀቱን ብቻ አትመኑ፤ ታካሚውን ገልጣችሁ እዩ።»

ዛሬ ጠዋት በአደራ ደብዳቤ ልኬዋለሁ። በዚህ ምክንያት ባይወስዱህ፣ ያስቀረችኝ እህቴ ናት ብለህ ለሰው ተናገር፤ አልከፋም። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ግን አልጻፍኩም፣ ለእነሱም ለአንተም። ገና ነው። አንተም አታጣድፈኝ።

ለሚያዝያ ፈቃድ ጠይቄ ሰጥተውኛል፤ በመጀመሪያው ሰኞ እገባለሁ። መጀመሪያ የምሄደው አባባ መቃብር ነው። ፈረቃ ላይ ከሆንክ እኔን ብለህ ታካሚህን ጥለህ እንዳትመጣ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ።

እህትህ